የአብዱልሐሚድ ባሩድና የጀሊላ ምድጃ

«ከሐርቡ ስወጣ ጭጋግ ተቀበለኝ፣
እምም… እምምም… እም… እምም…»

ጋሽ አብዱልሐሚድ ይቺን ዘፈን ከዚህ አሳልፈዋት አያውቁም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ቃሉ እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ብን ይልባቸዋል። አፋቸው እምምታውን እንደያዘ እጃቸው ወደ አንገታቸው ይሄዳል፤ በጥቁር ክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ ይዳስሱና ብድግ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዜማው ይቀርና የቁልፍ ቅጭልታ ይቀጥላል።

ሁለተኛውን ስንኝ ሚስታቸው ጀሊላ ታውቀዋለች። የዘፈኑላት ለእሷ ነው፣ በሰርጋቸው ሰሞን። አልነግርም ብላ ነው። «ራሳቸው ያስታውሱት» ብላ ቁጭ አለች፤ ዓመታት አለፉ፤ አላስታወሱትም።

በዚህ አገር ጥንቁቅ ሰው የሌለበት ቤት የለም። ቢኖርም እስካሁን ተቃጥሎ አልቋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል «በሩን ቆልፌያለሁ ግን?» ብሎ የሚወርደው እሱ ነው። የጋዝ ሲሊንደሩን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር የሚዳብሰው፣ ሰርግ ቤት ገብቶ ሙሽሮቹን ከማየቱ በፊት የድንኳኑን ካስማና የመብራቱን ገመድ የሚመረምረው እሱ ነው። ቤተሰብ ይስቅበታል፣ ሰፈር ስም ያወጣለታል። ሲመሽ ግን ሁሉም «እሱ አለ» ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል።

የነዚህ ሁሉ አውራ፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ ደሴ ውስጥ ይኖራሉ። የበር ለበር ጎረቤታቸው መምህር እንድርያስ «ክቡር የባሩድና የጥንቃቄ ጉዳዮች ሚኒስትር» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ጠዋት የቀለም ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቀጥ ይላል።

«ክቡር ሚኒስትር፣ አገር ሰላም ነው?»

«ሳቅ፣ ሳቅ» ይሉታል ጋሽ አብዱልሐሚድ። «አደጋ እንደሆነ አሰላሙ ዐለይኩም ብሎ አይገባም።»

ይቺን አባባል ጀሊላ ከራሷ ስም ይበልጥ ሰምታታለች።

ነገሩ የመጣው ከሐርቡ ነው። ጋሽ አብዱልሐሚድ እዚያ ከአባታቸው የወረሱት የማንጎ ማሳ አላቸው። ከማሳው ጋር አባታቸው ከርከሮ ያባርሩበት የነበረውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃም ወረሱ፤ ፈቃድ ያለው፣ የተመዘገበ ነው። ከጠመንጃው ጋር ደግሞ ልማዱ መጣ። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ቂጡ ላይ አዲስ መለኮሻ ይሰካለታል፤ የጥፍር ታህል ናት፣ ስትመታ የምትፈነዳው እሷ ነች። ከዚያ ባሩዱ ተመጥኖ፣ እርሳሱ ተጨምሮ፣ ቀለሁ እንደገና ጥይት ይሆናል።

ከርከሮዎቹ ግን እውነቱን ለመናገር ጠመንጃውን ከናቁት ቆይተዋል። ጋሽ አብዱልሐሚድ የሚተኩሱት ወደ ሰማይ ነው። ከመተኮሳቸው በፊትም «ዞር በሉ! ልተኩስ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፤ የሚያስጠነቅቁት ከርከሮዎቹን ነው። ዝንጀሮዎቹማ ማንጎአቸውን እንዳቀፉ፣ ሳይገፋፉ፣ ከሰርግ እንደሚመለስ እድምተኛ በወግ በወግ ይወጣሉ አሉ።

ስለዚህ የቤቱ ጣጣ ተኩሱ አልነበረም። ጣጣው የባሩዱ አዳር ነበር።

«ጠመንጃና ጥይት አንድ ክፍል አያድሩም» ይላሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ። «ባሩድና መለኮሻ ከተጎራበቱ ደግሞ ጋብቻ ነው። የሚወልዱትን ታውቂዋለሽ።» ባሩዱ ከመጣበት ቆርቆሮ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም፤ ስሙም ከላዩ ላይ አይፋቅም። ይህ ሕግ የወጣው በደም አይደለም። በድፎ ዳቦ ነው።

ያኔ ጋሽ አብዱልሐሚድ ገና ማዕረጋቸውን አላገኙም ነበር። ጥቂት ባሩድ በወተት ዱቄት ጣሳ አድርገው መደርደሪያ ላይ አኖሩ። የገና ዋዜማ የእንድርያስ ሚስት ኑኃሚን ብቅ አለች፤ «ጀሊላዬ፣ ጥቁር አዝሙድ አልቆብኝ» ብላ። ጀሊላ ጣሳውን ከፈተች፤ ጥቁር ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ፍሬ ፍሬ ነው። አንድ እፍኝ ሙሉ ዘገነችላት። «ሽታው ለየት አለኝ» ብላ ነበር ኑኃሚን ስትወጣ፤ «የዘንድሮ አዝሙድ» አለቻት ጀሊላ።

ጋሽ አብዱልሐሚድ ይህን ሲሰሙ በሽርጣቸው፣ ባዶ ራሳቸውን፣ በግራ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ አስፋልቱን ተሻገሩ። ሚኒባስ ጮኸባቸው፤ ባለ ባጃጅ ሰደባቸው። «ኑኃሚን! ዳቦውን ልቀቂ!» እያሉ ገቡ። ከሰሉ ግሟል፤ ሊጡ ፊቱ ጠቋቁሮ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሊጡን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጣት ጣታቸውን እያዩ ወደ ግቢ አወጡት፤ ባልዲ ሙሉ ውሃም ቸለሱበት። እንድርያስ እስከ ዛሬ እንዲህ ይላል፦ «በዓላችን ያለ ዳቦ ዋለ፤ ነፍሳችን ግን ከነሥጋዋ ዋለች።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ አብዱልሐሚድ ሌላ ሰው ሆኑ። በየክፍሉ በሰሃን ጨው አስቀመጡ። ጨው ያላበው ክፍል እርጥብ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ባሩድ ያበላሻል፣ የጥይት ቂጥ ያዝጋል። ደሴ ደግሞ ጭጋጉ ሳያንኳኳ ሳሎን የሚገባበት ከተማ ነው፤ ጨው ሁሉ አላበው። የሳሎኑ አላበው። የመኝታ ቤቱ አላበው። ሳይነካ፣ ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ የተገኘው በምሥራቅ በኩል ባለችው፣ ወለሏ ጣውላ በሆነው ክፍል ያለው ጨው ብቻ ነበር። የልጃቸው የዚክራ ክፍል ናት። ዚክራ ኢምራንን አግብታ ኮምቦልቻ ወርዳለች።

ባሩዱ ገባባት። ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ቀይ ቀለም በተቀቡ የቆርቆሮ ሳጥኖች፤ ጥይቱ በአንዱ፣ ባሩዱ ከነቆርቆሮው በሌላው፣ መለኮሻው ማዶ ጥግ ላይ ለብቻው። የባሩዱ ክዳን እንዳይታፈን ሆኖ የተገጠመ ነው፤ «ታፍኖ የነደደ ይፈነዳል» ይላሉ። ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፣ ሁለት ቁልፍ ያላት። በውስጧ ምን እንዳለ ጀሊላ ጠይቃ አታውቅም። ከሁሉ የከፋው እዚያ መሆን አለበት ብላ በሩቁ ነው የምታልፋት።

ከዚያ እሳት ከቤት መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የሳሎኑ ከሰል ምድጃ ወጣ። ቀጥሎ የክፍሏ የመብራት ገመድ ተነቀለ። በመጨረሻ ኩሽናው ራሱ ተሰዶ ግቢው ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሰፈረ። እንግዳ በር ላይ ይፈተሻል።

«ሲጋራ? ክብሪት? ላይተር?»

«ቀበቶዬንም ላውልቅ?» ይላል እንድርያስ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

ወጡ ከኩሽና ሲነሳ ይንተከተካል፤ ግቢውን አቋርጦ ሳሎን ሲደርስ እንደ እንግዳ ብርድ ብርድ ይለዋል። ጋሽ አብዱልሐሚድም አይቀመጡለት። አንድ ሁለት ይጎርሱና «ከሐርቡ ስወጣ» ብለው ጀምረው፣ እምም ብለው፣ ቁልፋቸውን ይዘው ይነሳሉ። ጀሊላ ከባዶ ወንበር ጋር ትበላለች። የወሎ ሴት ናትና የሚያንገበግባትን በዜማ ታወጣዋለች፤ ከታንከሩ ጀርባ ድምጿ ይሰማል፦

«ወጡ በረደና ጠረኑ ጠፋብን፣
ባሩድ ከኛ በልጦ ደልቶት አደረብን።»

ዚክራ የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ የተገላገለች ጊዜ ነገሩ ከቀልድ ወጣ።

የበኩር ልጅ አራስነት በእናት ቤት ነው። ጀሊላ ማሩን አስመጥታለች፣ ቅቤውን አንጥራለች፣ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታለች። ስልክ ደወለች።

«እማ፣ እኔም መምጣቱን በጣም እፈልጋለሁ» አለች ዚክራ። «ግን ኢምራን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ባሩድ ካለ እሳት አይገባም፤ እሳት በማይገባበት የደሴ ቤት አራስና ጨቅላ ምን ይሆናሉ?› አለኝ። ሐቁን ነው።»

«አባትሽ እኮ…»

«አባን አልወቅስም። ግን ባሩዱና እኔ አንድ ክፍል አናድርም፤ ይሄማ የራሱ ሕግ ነው። የኢምራን እናት ክፍል አሰናድተዋል። እስከ ጁምዓ ካልሆነ እነሱ ጋ እገባለሁ።»

ጀሊላ ስልኩን አስቀመጠች። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ የኢምራን እናትም ደግ ሴት ናቸው፤ ምንም አይጎድልባትም። እሱ ነው የባሰባት። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ምንም ሳይጎድልባት፣ ያለ እሷ፣ በሰው እጅ ልትታጠብ ነው።

ባሏ ፊት ቆመች። «የዚክራ አባት፣ ይስሙኝ። ወይ ባሩዱ ወይ አራሷ።»

«አብሽሪ» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ። «ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።»

ቤቱን ዞሩት። ኮርኒስ ላይ? ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ይግላል። ግቢ ውስጥ መቅበር? እርጥበት። አልጋ ሥር? «ሰው የሚተኛበት ሥር!» ብለው ራሳቸውን ተቆጡ። ሱቅ? ሱቁ ቀለምና ቲነር ሞልቶታል፤ ስሙን ሲጠሩት እንኳ ዘገነናቸው። ሐርቡ? ጠባቂ የሌለው ጎጆ፣ እረኛ የሚገባበት። በየቦታው የጨው ሰሃናቸውን ይዘው ቆሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንድርያስ ከአስፋልቱ ማዶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። «ክቡር ሚኒስትር፣ እኛ ቤት እንዳይሉን ብቻ!»

«እኛ ቤት የሚፈነዳው መዝሙር ብቻ ነው!» አለች ኑኃሚን ከውስጥ።

«ብትለምኑኝም አልሰጥም» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ። «ፈቃዱ በስሜ ነው። በስሜ የተመዘገበ በሰው ቤት አያድርም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀሊላ ዚክራ ክፍል ስትገባ ሳጥኖቹ ፊት ጣውላው ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። አያንጎራጉሩም። እምም እንኳ የለም። ያ አስደነገጣት።

«አንቱ ሰውዬ» አለች በለሆሳስ፣ «ምን ያህል ቢወዱት ነው?»

«እወደዋለሁ?» ቀና አሉ። «እፈራዋለሁ እንጂ! አባቴ ቀለህ የሚሞሉት ምድጃ ዳር ነበር፣ ብርሃኑ ከእሳቱ ስለሚመጣ። ሁለት ጣታቸው የቀሩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ሲቀርብ እጃቸውን ከኛ ከልጆቻቸው ሸሽገው ነበር የሚጎርሱት። እኔ ሰው ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ፊቱን አላይም፤ ጣቱን ነው የማየው።»

ጀሊላ አጠገባቸው ተቀመጠች። አብራቸው ስትኖር ይህን አልሰማችም ነበር። ያ ሁለተኛ ስንኝ ወዴት እንደሸሸም ያን ጊዜ ገባት።

«ታዲያ ለምን አይጥሉትም?»

«የሚፈራ ነገር አይጣልም። የተጣለ ይገኛል፤ የሚያገኘውም ልጅ ነው። ለሚመለከተው ነው የሚሰጥ…» አሉና የራሳቸውን ቃል ሰሙት።  ከዚያ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ።

ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት፤ ባሩድ በሚኒባስ ከሰው ጋር አይጓዝማ። ፖሊስ ጣቢያ ደርሰው በር ላይ ላለው ዘብ «ቤቴ ባሩድ አለ» አሉት፣ ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ። አግዳሚው ላይ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ነገሩ ተጣርቶ፣ ፈቃዱ ታይቶ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጊዜ ወሰደ። ሳጅን ሞላልኝ የሚባል ረጅም ፖሊስ በፒክአፕ ተከትሏቸው መጣ። በሩ ላይ ቆሙበት።

«ሲጋራ? ክብሪት? ላይተር?»

«አባባ፣ እኔ ፖሊስ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ባሩዱ ግን አያውቅም።»

ሳጅኑ ላይተሩን ሊያይ ለመጣው ለእንድርያስ ሰጠ። መኪናው ጥላ ሥር እንዲቆም፣ ሞተሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ባሩዱና መለኮሻው አንድ ላይ አይጫኑም ተብሎ ሳጅኑ መመላለስ ግድ ሆነበት። ጥይቱም ተራውን ጠብቆ ወጣ። ጠመንጃው ባዶውን፣ አፈሙዙ ከሰደፉ ተለያይቶ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። «ቀስ! እንደ እንቁላል! ፀሐይ ላይ እንዳታቆየው!» እያሉ ከኋላ ከኋላው ይሄዳሉ።

«እኔ ነኝ የምረከበው ወይስ እርስዎ?» አለ ሳጅኑ ላቡን እየጠረገ።

በመጨረሻ ጣውላው ላይ ትንሿ ሳጥን ብቻ ቀረች።

«ይቺስ?»

«እሷ ትቅር።»

«አባባ፣ ማየት አለብኝ።»

ጋሽ አብዱልሐሚድ ጀሊላን አዩ፣ ሳጅኑን አዩ፣ መሬቱን አዩ። አንዱን ቁልፍ ከፈቱ፤ ሁለተኛውን ከፈቱ። ጀሊላ ሳታውቀው ወደ በሩ ሸሸች። ሳጅኑ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ከውስጥ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ቢጫ፣ በእጅ የተሠራ የሕፃን የሱፍ ቆብ ወጣ።

«ይሄም ተቀጣጣይ ነው?» አለ ሳጅኑ።

«በጣም» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ፤ ወደ ግድግዳው ዞረው።

ጀሊላ ቆቡን ነጠቀቻቸው። ለዚክራ የሠራችው ነው፣ እርጉዝ ሆና፤ ጠፋ ብላ ስንት ዘመን ቁምሳጥን ስትገለብጥለት የኖረችው። «ያ አላህ! እዚህ ነበር? ከባሩድ ጋር?»

«ከቤቱ ሁሉ ደህናው ቦታ ይሄ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ደረቅ ነው፣ ብል አይገባበትም። ደህና ነገር ሌላ የት ይቀመጣል?»

ጁምዓ ዕለት፣ ከሶላት መልስ፣ ዚክራን የያዘችው መኪና ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች። ኢምራን ሻንጣ ተሸክሞ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ተያዘ።

«ሲጋራ? ክብሪት? ላይተር?»

«አባ፣ ባሩዱ ሄዷል አሉኝ እኮ!»

«ባሩዱ ሄደ፤ ልጅቷ መጣች» አሉት፤ ኪሱንም ዳበሱት።

«ሹም ሽር!» ብሎ ጮኸ እንድርያስ ከአጥሩ ላይ። «ክቡር የአራስና የምድጃ ጉዳዮች ሚኒስትር!»

ዚክራ የድሮ ክፍሏ ገባች። ትንሿ ልጅ ቢጫውን ቆብ አድርጋ ተኛች፤ ቅንድቧ ድረስ ወረደላት። ምድጃው፣ ስንት ዘመን ደጅ ያደረው ምድጃ፣ ፍሙን ሞልቶ ገባ። ጋሽ አብዱልሐሚድ አጠገቡ አሸዋ በባልዲ አስቀመጡ። መስኮቱን ገርበብ አደረጉ፤ «ከሰል በተዘጋ ቤት ነፍስ ይወስዳል» ብለው። ጣውላው ላይ ከሱቅ ባመጡት ቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ። ምድጃው ከመስመሩ አያልፍም፤ አልጋውም አይጠጋም።

ከዚያ ገንፎው መጣ። ግቢ አላቋረጠም፤ ጭጋግ አልነካውም። መሐሉ ላይ ቅቤው ከነበርበሬው ቀልጦ እንደ ትንሽ ሐይቅ ያበራል። ጀሊላ ከምድጃው አጠገብ አኖረችውና ባሏን አየች።

ጋሽ አብዱልሐሚድ ቆመዋል። «ከሐርቡ ስወጣ ጭጋግ ተቀበለኝ» አሉ ለራሳቸው። «እምም…» እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ክር የለም። ቁልፍ የለም። እጃቸው መሄጃ አጥቶ አየር ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ጀሊላ፣ ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዜማውን ከወደቀበት አነሳችው፦

«ካንቺ ምድጃ ዳር መቀመጡ ሻለኝ።»

ጋሽ አብዱልሐሚድ ፍሙን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ፤ ያን ቀን ጣቷን ሳይሆን ፊቷን።

«እሱ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ታውቂው ኖሯል?»

«ቁጭ እስኪሉልኝ ነው የጠበቅኩት።»

አሸዋውን አንድ ጊዜ አዩ፣ መስኮቱን አንድ ጊዜ አዩ፣ ቀዩን መስመር አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ምድጃው ዳር ቁጭ አሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሙሉ እጃቸውን በእሳቱ ብርሃን ዘርግተው፣ ከገንፎው ጠርዝ ቆርሰው ቅቤው ውስጥ ነከሩና ጎረሱ።

«ኡፍፍፍ! አቃጠለኝ!» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ። ሳይነሱም ደገሙ።